ሊሾ ወይስ ኮብል? የግቢ መንገድና የድንጋይ ታሪካችን

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ዳታም ጊዜም ያላችሁ አንብቡት።

ከውጭ በራችን እስከ ቤቱ ደጃፍ ያለውን መንገድ ድንጋይ ላስነጥፍ መሆኑን የሰማ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦ «ለምን ሊሾ አታደርገውም?» ጎረቤት ይጠይቃል፣ የሥራ ባልደረባ ይጠይቃል፣ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ያሉ የድሮ ተማሪዎቼም በውስጥ መስመር ጽፈውልኛል። አንዱማ «ቲቸር፣ መኪና ሊገዙ ነው እንዴ?» አለኝ። መኪና የለኝም። በመምህር ደመወዝ የሚገዛ መኪና ያየ ካለ ይጠቁመኝ። የሚገባው እህል የጫነ ጋሪና አልፎ አልፎ ባጃጅ ነው። እብናትን የሚያውቅ ግን የሐምሌን ጭቃ ያውቃል፤ ከበሩ እስከ ቤት ያለችው 12 ሜትር በክረምት ከእብናት አዲስ ዘመን የራቀች ትመስላለች።

ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። የታሪክ አስተማሪ ደግሞ አንድ ነገር ሲጠየቅ ከጎንደር ዘመን ነው የሚጀምረው፤ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ምርጫዎቹን ላስቀምጥ። ቀላሉ ገረጋንቲ አስደፍቶ መደልደል ነው። ርካሽ ነው፣ አንድ ክረምት ያሻግራል፣ በሁለተኛው ግን ግማሹ ከጎርፍ ጋር ሄዶ ቦይ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው ሊሾ ነው፤ ሲሚንቶና አሸዋ በስሱ ለስልሶ የሚፈስሰው። ሦስተኛው ፌሮ ያለበት አርማታ ነው፤ እሱ ለጋሪ መግቢያ ሳይሆን ለፎቅ መሠረት የሚሆን ወጪ ነው። አራተኛው በፋብሪካ የሚመረተው የሲሚንቶ ንጣፍ ብሎክ፤ ከሩቅ ከተማ ጭኖ ማምጣት ይጠይቃል። የመጨረሻው ኮብልስቶን።

በነገራችን ላይ እነዚህን ቃላት አስተውላችኋል? ሊሾ፣ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ አርማታ፣ ብሎኬት፣ ሁሉም የጣሊያን ናቸው። «ሊሾ» በጣሊያንኛ ለስላሳ ማለት ነው። ኮብልስቶን ደግሞ የእንግሊዝኛ ነው። አንድ ግንበኛ ጠዋት ሥራ ሲጀምር ግማሹን ቃል ከሮም ይዋሳል። ድንጋዩ ግን የራሳችን ነው፤ እንዲያውም ከዚህ አገር ሰው በፊት የነበረ ነው። የደቡብ ጎንደር ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ከምድር ሥር የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ጉና ራሱ፣ ያ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የምናየው ተራራ፣ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ ስትሄዱ የምታልፉት ከተማ ስሙ ክምር ድንጋይ ነው። ድንጋይ አጥተን አናውቅም። ያጣነው ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ነው መጻፍ የፈለግሁት።

ወደ ጎንደር ዘመን ልሂድ። ኖራ አቃጥሎ ድንጋይ ማያያዝ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በነበሩበት ጊዜ ነው በአካባቢያችን የተጀመረው። በዚያው ዘመን ጢስ አባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ ተሠራ። ቀጥሎ በአፄ ፋሲል ዘመን በጌምድርንና ጎጃምን ያገናኘው፣ ኋላ «ሰባራ ድልድይ» የተባለው መጣ። ርብ ላይ ያለውንም አሮጌ ድልድይ ሽማግሌዎች የፋሲል ነው ይላሉ። እናቶቻችን «ኖራው በእንቁላል ተለውሶ ነው የጠነከረው» ሲሉ ያልሰማ የጎንደር ልጅ ያለ አይመስለኝም። እንቁላሉን እንተወውና፣ ያንን ድንጋይ ማን ጠረበው?

ግንቡን የምንጠራው በንጉሡ ስም ነው። የፋሲል ግንብ፣ የኢያሱ ግንብ እንላለን። በጎንደር የግንብና የእንጨት ሥራ ላይ ግን ቤተ እስራኤሎች ግንበኛና አናጢ ሆነው ብዙ ደክመዋል። ብረት የቀጠቀጠ፣ ሸክላ የሠራ፣ ድንጋይ የጠረበ ሰው በአገራችን ምን ይባል እንደነበር ታውቃላችሁ። ጠይብ ነው፣ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል ይባል ነበር። በሠራው ድልድይ ይሻገሩና ልጃቸውን ግን አይድሩለትም። ይህ ነገር ክፉ ነበር፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ልብሱን ቀይሮ ነው ያለው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ይህንን ንቀት በተግባር የሰበረ ንጉሥ ከተባለ እኔ ቴዎድሮስን ነው የምጠራው። አገሬ ስለሆነ አዳልቼ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ አዳልቼ ይሆናል።

የቴዎድሮስን ነገር ስናስተምር መድፍ መድፉን እናወራለን፤ መንገዱን እንዘልለዋለን። ሰውየው ደብረ ታቦርን ማዕከል አድርገው ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ የሚያገናኙ መንገዶች ማሠራት ጀምረው ነበር። ከደብረ ታቦር አፍንጫ ሥር ባለችው ጋፋት እነ ዋልድማየር፣ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ አውሮፓውያን ባለ እጆች፣ መድፍ እንዲያቀልጡ ታዘዙ፤ መንገድ ሥራውም ላይ ገቡ። የሴባስቶፖል ክብደት 70 ኩንታል ያህል እንደሆነ ይነገራል። ይህንን ነገር ማቅለጥ አንድ ጣጣ ነው፤ መቅደላ ማድረስ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። በዚያው ሰሞን የእንግሊዝ ጦር በቀይ ባሕር ዳር፣ ዙላ ላይ ጓዙን ማራገፍ ጀምሮ ነበር። ሁለቱም የሚሄዱት ወደ አንድ አምባ ነው። እንግሊዝ ዝሆንና የባቡር ሐዲድ ይዞ መጣ። ቴዎድሮስ ዶማ፣ ዲጂኖና የሰው ትከሻ ነበራቸው። ከደብረ ታቦር በጨጨሆ፣ በቤተ ሖር አድርጎ፣ የጅጣን ገደል ወርዶ ወጥቶ፣ ደላንታን አቋርጦ፣ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ። ይህንን አገር በእግሩ ያየ ሰው ዝም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። መድፉ ከማለፉ በፊት መንገዱ መኖር አለበት፤ መንገዱ ደግሞ የለም። ስለዚህ ፊት ፊት እየፈለጡ፣ እየፈነቀሉ፣ እየደለደሉ፣ ከኋላ መድፉን በገመድ እየጎተቱ ስድስት ወር ያህል ተጓዙ። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን ሞቱ።

ታዲያ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ በዚያ ጉዞ የነበሩ አውሮፓውያን እንደጻፉት ንጉሡ ራሳቸው ከማለዳ ጀምሮ በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ናቸው። ንጉሥ ዝቅ ብሎ ድንጋይ ሲያነሣ አጠገቡ ያለው መኳንንት ምን ያደርጋል? ለምድ ለብሶ መቆም አይችልማ፤ ያነሣል። በእኔ ግምት ቴዎድሮስ ለአንድ ቀን እንኳ ቢሆን «ድንጋይ ፈላጭ» የሚለውን ስድብ ከበጌምድር አጥፍተውት ነበር። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ማርክሃም ያንን መንገድ አይቶ በአድናቆት ጽፏል፤ ጠላት ነው የጻፈው፣ ይህንን አትርሱ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የምታዩት አምሳያው ነው።

ታሪኩን ግን አላሳምረውም። ያ መንገድ የተሠራው በፍርሃትና በረሃብም ነው። ወታደሩ ይከዳ ነበር፣ ገበሬው እህሉን ይቀማ ነበር፣ የሠራበትን የተከፈለው ሰው አልነበረም። የንጉሡ እጅ ድንጋዩን አከበረ፤ ሆድ ግን በክብር አይሞላም።

ምኒልክ ላይ አልቆይም፤ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛው ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ለተሠራው መንገድ አርመኑ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሄድ መዳመጫ ነው፤ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው። መንገድ በእግርና በበሬ ብቻ ሳይሆን በብረት ክብደት እንደሚጠቀጠቅ ያኔ ታየ። ሁለተኛው ከባቡሩ የሚበልጥብኝ ነው፤ ምኒልክ ባለ እጆችን ጠይብ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ እያለ የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ አዋጅ አስነግረዋል። አስቡት፤ ስድብን ለማስቆም አዋጅ አስፈልጎ ነበር። አዋጁ ይበልጥ የሚነግረኝ ስለ ስድቡ ስፋት ነው።

ጣሊያንም መንገድ ሠርቷል፤ ሊማሊሞን የወረደ ሰው ይመሰክራል። ትልልቅ ድንጋይ ከታች በእጅ ይደረደራል፣ ክፍተቱ በትንንሽ ድንጋይ ይሞላል፣ ከላይ ጠጠር ይለብሳል። መሐንዲሶች ይህንን ሐሳብ ከስኮትላንዱ ማክአዳም እና ከሱ በፊት ከነበሩት የወሰዱት ነው። የመንገድ ጉልበት ከላይ ካለው ቆዳ ሳይሆን ከሥሩ ካለው ደረቅ ንብርብር ይመጣል የሚል ነው። ሥሩ ውኃ ከጠጣ ላዩ ምንም ቢሆን ይሰምጣል። ይህችን ያዙልኝ፤ ግቢዬ ስንደርስ ትፈለጋለች።

በደርግ ጊዜ ደግሞ ቻይናዎች ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በጨጨሆ በኩል ወልድያ ድረስ ሠሩ። ዛሬም በዕድሜ የገፉ ሰዎች «የቻይና መንገድ» ነው የሚሉት። መንገዱ የሚያልፈው ቴዎድሮስ መድፍ በጎተቱበት አገር ነው። በዚያ መንገድ ላይ የሠሩ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ፤ አያ እላቸዋለሁ። «ቻይናው ራሱ አካፋ ይዞ ከእኛ ጋር ይውላል፤ አለቃውንና ሠራተኛውን መለየት አቅቶን ነበር» ይላሉ። ከሁሉ ያስገረማቸው ማሽኑ ሳይሆን ይህ ነው።

አሁን እብናት ልግባ። እብናት በታሪክ መጽሐፍ ስሟ የሚነሣው፣ ያሳዝናል፣ በ1977ቱ ድርቅ ነው። የእርዳታ መጠለያ ነበረባት። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር፤ በሚያዝያ ወር መጠለያው ተበትኖ ሕዝቡ በእግሩ ወደ መጣበት እንዲመለስ ተደረገ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። እኔ ገና አልተወለድኩም። ግን በእኛ አካባቢ የሚኖር ሰው ያንን ዘመን ሳይሰማ አያድግም። ከዚያ ወዲህ «ምግብ ለሥራ» የሚባለው መጣ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ሴፍቲኔት። በሴፍቲኔት አንድ ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ በወር አምስት ቀን ይሠራል፤ በምላሹ እህል ወይም ብር ያገኛል። ሥራው ምንድን ነው? እርከን፣ ካብ፣ የገጠር መንገድ። በአጭሩ ድንጋይ። የእብናትን ተዳፋት በእግራችሁ ብትሄዱ የምታዩት ካብ ሁሉ በስንዴ የተገዛ ላብ ነው። እናቶች ልጅ አዝለው ድንጋይ ተሸክመዋል። ይህንን የሠራ ሰው ግን «ሠራሁ» አይልም፤ «እርዳታ በላሁ» ነው የሚለው። ይህ አነጋገር ሁልጊዜ ያናድደኛል። ተራራ ለብሶ የቆመ ካብ የሠራ ሰው ምን እርዳታ በላ? ደመወዙን ነው የበላ።

ኮብልስቶን የመጣው በዚህ መሐል ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመኖች የቴክኒክ ድጋፍ ድሬዳዋ ላይ ተሞከረና ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ የዓለም ባንክ ገንዘብ ያለበት የከተሞች ልማት ፕሮግራምም ሲጨመርበት በየከተማው ገባ። ሐሳቡ ቀላል ነው። አስፋልት ብትሠራ ሬንጁንም ማሽኑንም ከውጭ ታመጣለህ፣ ብሩ ይወጣል። ድንጋይ ብታነጥፍ ካባው ቅርብ ነው፣ መሣሪያው መዶሻና መሮ ነው፣ ብሩ ከጠራቢው ኪስ ወደ ሰፈሩ ሱቅ ይሄዳል። ወጣቶች በማኅበር ይደራጃሉ፤ አንዱ ይፈልጣል፣ አንዱ ይጠርባል፣ አንዱ ያነጥፋል። ሴቶችም ጠርበዋል። በመንግሥት ሥራዎች ውስጥ ለእኔ ይህ ከምር ጥሩ ሐሳብ ነበር።

ግን አንድ ነገር ተፈጠረ። ከዩኒቨርሲቲ የሚመረቀው በዛ፣ ሥራው አነሰ፣ ተመራቂም ኮብልስቶን ይሥራ ተባለ። ያኔ ቀልዱ ጀመረ። «ምን ተማርክ?» «ኮብልስቶን።» ከ2003 እስከ 2005 ዓ.ም. አካባቢ ያንን ቀልድ ያልሰማ የለም። ክፍል ውስጥ ተማሪ «ለኮብልስቶን ነው የምማረው?» ይለኛል፤ ክፍሉ ይስቃል። የሥራ እጥረቱ ምሬት እውነት ነው፤ ለዓመታት ምህንድስና ተምሮ ድንጋይ መጥረብ ቀልድ አይደለም፤ በዚህ የተከፋን ልጅ አልወቅስም። ስድቡ ግን መንግሥትን አልነካም። የነካው ድንጋዩን የያዘውን ልጅ ነው። ቅድም ልብሱን ቀይሮ አለ ያልኳችሁ ይኼ ነው፤ ጠይብ ቀርቶ ኮብልስቶን ተባለ።

ግቢዬን የሚያነጥፍልኝ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ ፈቃዱን አልጠየቅሁም። ተመርቋል። ሥራ ሲያጣ ሌላ ከተማ ሄዶ ለሁለት ዓመት ተኩል ኮብል ጠረበ፤ ለቤተሰቡ ግን «ቢሮ ነው የምሠራ» ብሎ ነበር። ለበዓል ሲመጣ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከት እንደነበር ነገረኝ። ከሁሉ የከበደው መዶሻው ሳይሆን እጁን መደበቅ እንደነበረ ነው የነገረኝ። ዛሬ ከሦስት ልጆች ጋር ሥራ ይይዛል። ለእኔ «ለቲቸር በነፃ ነው» አለኝ፤ አይሆንም አልኩት፣ ተከራከርን፣ የገበያውን ተስማማን። በነፃ ድንጋይ የሚነሣበት ዘመን ለዚህ አገር በቂ ሆኗል።

አሁን ጥያቄያችሁን ልመልስ። ግቢዬ ዋልካ ነው። ዋልካ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሊሾ ደግሞ አንድ ወጥ ደረቅ ቅርፊት ነው። ሥሩ ያለው አፈር ሲነሣና ሲወርድ አብሮ መታጠፍ አይችልም፤ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ በሁለት ሦስት ክረምት ይገለበጣል። የተሰበረ ሊሾ ደግሞ አይጠገንም፤ ይፈርሳል እንጂ። የሲሚንቶው ዋጋም ይህንን እኔ ስጽፍና እናንተ ስታነቡ እኩል አይሆንም። ኮብል ግን ብዙ ትንንሽ ቁራጭ ነው፤ አንዱ ቢሰምጥ ነቅለህ አሸዋ ጨምረህ መልሰህ ትተክለዋለህ። የውኃ ቧንቧ ለመቅበር ብትቆፍርም ያው ድንጋይ ተመልሶ ይገባል።

ሲነጠፍ ግን እንደ ማክአዳም ነው፤ ሥሩ ነው ነገሩ። ዋልካው ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ይወጣል። ገረጋንቲ በሁለት ዙር ይሞላል፣ ውኃ እየተረጨ ይጠቀጠቃል። ከላዩ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር አሸዋ። ዳርና ዳሩን ረጃጅም የጠርዝ ድንጋይ ይይዘዋል፤ ጠርዝ የሌለው ኮብል እንደ በተነ መቁጠሪያ ነው። ድንጋዩ ጠባብ ሆኖ ይሰካል፣ ክፍተቱ በአሸዋ ይጠረጋል፣ እንደገና ይጠቀጠቃል። በስፋቱ በኩል በአንድ ሜትር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ቦዩ ያዘነብላል፤ ይህችን ተዳፋት የረሳ ሰው ግቢው ውስጥ ኩሬ አነጠፈ ማለት ነው። ጉድለትም አለው፤ በዝናብ ያሟልጫል፣ በየመሐሉ ሣር ይበቅላል፣ አልጋ ለያዘ ሰው ጋሪ አይመችም። እናቴ «ጫማዬን ያደናቅፈኛል» ብላለች፤ ለእሷ ሲባል ከበሩ እስከ በረንዳው አንድ ጠባብ መስመር በሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ እናደርጋለን ተባብለናል።

አንድ ስሌት ልጨምርላችሁና ላብቃ፤ የሒሳብ መምህራን ጓደኞቼ አርሙኝ። መንገዱ 12 ሜትር በ2.5 ሜትር ነው፤ 30 ካሬ። አንዱ ኮብል በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ከክፍተቱ ጋር 11 ብትይዙት 2,480 ያህል ድንጋይ ይገባል። የጥቁር ድንጋይ ኩብ አንዱ ወደ 2.8 ኪሎ ይመዝናል። አባዙት፤ ወደ 69 ኩንታል ይመጣል። ሴባስቶፖል ማለት ነው። ተማሪዬን ይህንን ነግሬው ትንሽ አሰበና «ቲቸር፣ እኛ ግን በጋሪ ነው የምናመጣው፤ ገደልም የለበት» አለኝ። ሰኞ የመጀመሪያው ጭነት ይገባል።